ወደ ቡሱዋ እንዴት ይኬዳል? በጋና ባህር ዳርቻ ቀስ ብሎ ለመክረም

ጋና የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ አክራ ላይ ይቀራል። ትንሽ ራቅ ካለም ኬፕ ኮስት ደርሶ ይመለሳል። ሁለቱም ደስ ይላሉ፤ ግን እረፍት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ቡሱዋ ሂዱ። በምዕራብ ጋና ያለች የዓሣ አጥማጆች ትንሽ ከተማ ናት። ረጅም የአሸዋ ዳርቻ፣ ሰርፊንግ ለሚጀምር ሰው የሚሆን ሞገድ፣ ቀለም የተቀቡ የእንጨት ጀልባዎች አሏት፤ ሌላ ብዙ ነገር የላትም፣ ጥሩነቷም እሱ ነው። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ስጧት። ደርሶ መልስ ካሰባችሁ ጊዜያችሁ መንገድ ላይ ያልቃል።

ከመነሳታችሁ በፊት

የቢጫ ወባ ክትባት ተከተቡና ካርዱን ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙ፤ ሲገቡ ይጠየቃል። የቪዛውን ነገር አዲስ አበባ ካለው የጋና ኤምባሲ አጣሩ።

ወባን ግን አደራ። ከአፍሪካ ወደ አፍሪካ ስለሆነ የሚሄደው ብዙ ሰው ይዘናጋል። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ወባን የመቋቋም አቅም የለውም፤ ከአውሮፓ ከሚመጣው ቱሪስት እምብዛም አይለይም። ሐኪም አማክራችሁ መከላከያ ኪኒን ውሰዱ፣ ክፍል ስትይዙ አጎበር መኖሩን ጠይቁ፣ ሲመሽ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላም ትኩሳት ቢይዛችሁ፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ ጋና እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ጊዜው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። ከሰሃራ የሚመጣ አቧራማ ነፋስ አለ፤ ሰማዩን ያደበዝዘዋል እንጂ ጉዞ አያበላሽም። ግንቦትና ሰኔ ይቅርባችሁ፤ ይህ የጋና ደቡብ ምዕራብ ጥግ ከአገሪቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ነው።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ። አክራ አንድ ሌሊት እደሩ። ዶላር እዚያው ሲዲ ወደሚባለው የጋና ገንዘብ መንዝሩ፤ ቡሱዋ ላይ ባንክ እንፈልጋለን ብላችሁ አትሂዱ። ብራችሁን ግን ማንም አይመነዝርላችሁም።

በማግስቱ በጠዋት ተነሱ። ሰዓቱ የሚነገረው በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ ስድስት ካሏችሁ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው። ካኔሺ ከሚባለው መነሃሪያ ወደ ታኮራዲ ከተማ ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ አለ፤ እንደ እኛው ሚኒባስ ረዳት አለው፣ እስኪሞላም አይነሳም። ሻንጣ ያለው ሰው ትልቁን አውቶቡስ ቢይዝ ይሻለዋል። እስከ ታኮራዲ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአክራ መውጫ ካሶዋ ላይ መንገዱ ስለሚዘጋ አራትም አምስትም ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከታኮራዲ በሚኒባስ አጎና ንክዋንታ ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ የጋራ ታክሲ ቡሱዋ ያደርሳችኋል። ታክሲውን ለብቻችሁ በኮንትራት ከያዛችሁ ዋጋውን ሳትገቡ በፊት ተስማሙ። ሳይጨልም መድረስ ነው ዋናው።

ከደረሳችሁ በኋላ

ሰላምታ ይቅደም። መንገድ ከመጠየቅ፣ ዋጋ ከመጠየቅ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ሰላም በሉ። በግራ እጅ ገንዘብ አትስጡ፣ አትቀበሉም፤ እንደ ንቀት ይቆጠራል። «መዳሴ» ማለት ማመስገን ነው፣ እሱን ብቻ ብታውቁ እንኳ ፊቶች ይፈታሉ።

ቡሱዋ የአሃንታ ሕዝብ ባህላዊ መቀመጫ መሆኗን አውቃችሁ ግቡ። ንጉሣቸው ዳግማዊ ባዱ ቦንሱ በደች ላይ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1838 ተሰቀሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኔዘርላንድስ ተወሰደ። ሌይደን ውስጥ በፈሳሽ ተጠብቆ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው የተመለሰው። የመቅደላን ታሪክ፣ የአፄ ቴዎድሮስንም ፀጉር ከለንደን እ.ኤ.አ. በ2019 መመለስ የሚያስታውስ ሰው ይህ ለአሃንታዎች ምን እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሽማግሌዎች ካገኛችሁ በአክብሮት ጠይቁ።

ከዚያ ወደ ምሽጎቹ። በምዕራብ በኩል ከኮረብታው ማዶ ዲክስኮቭ አለ፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1690ዎቹ የጀመሩት ሜታል ክሮስ ምሽግ ወደቧን ከላይ ያያል። በምሥራቅ ቡትሬ አለ፤ ደቾች እ.ኤ.አ. በ1656 የጀመሩት ባተንስታይን ምሽግ። በእግር ይደረሳል፤ ብቻችሁን ግን አትሂዱ፣ የአካባቢው ልጅ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክፍያውንም በቅድሚያ ተነጋገሩ። ኬፕ ስሪ ፖይንትስ ደግሞ የጋና ደቡባዊ ጫፍ ነው። የመብራት ማማ አለው፤ መንገዱ አስቸጋሪ ስለሆነ ሙሉ ቀን ያዙለት።

ባህሩን በተመለከተ እውነቱን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ዋና ሳንችል ነው ያደግነው። የቡሱዋ ዳርቻ ከብዙ የጋና ዳርቻዎች ይሻላል፣ ግን አትላንቲክ ነው። ዋና የማይችል ከጉልበት በላይ አይግባ። የሚችልም የአካባቢውን ሰዎች «ዛሬ የት ነው ደህናው?» ብሎ ይጠይቅ። ውሃው ወደ ውስጥ ከሳባችሁ ከፊት ለፊቱ አትታገሉ፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ ስቦው ሲላላ ትወጣላችሁ።

በብዙ የጋና ዳርቻ ከተሞች ማክሰኞ ዓሣ አይጠመድም፣ ባህሩ የሚያርፍበት ቀን ነው። ስለዚህ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ሰዉም መረቡን ተባብሮ ሲጎትት ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን ምረጡ።

ምግቡ

እንጀራ የሚወድ ሰው ባንኩ ይወዳል። ከበቆሎና ከካሳቫ የቦካ ሊጥ ነው፣ ደህና አድርጎ ይኮመጥጣል፤ በተጠበሰ ዓሣና ሺቶ በሚሉት ጥቁር ማባያ፣ በእጅ ይበላል። ለጾመኛ «ሬድ ሬድ» አለ፦ ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ በዘንባባ ዘይት ተሠርቶ ፕላንቴን ከሚባል የተጠበሰ ሙዝ መሳይ ፍሬ ጋር የሚቀርብ። አንዳንዴ ዓሣ ስለሚጨምሩበት ሥጋም ዓሣም እንቁላልም እንደማትፈልጉ ሳይሠራ በፊት ንገሩ። ምግብ የሚበስለው ካዘዛችሁ በኋላ ነው፤ ሳይርባችሁ እዘዙና ባህር ዳር ቁጭ በሉ።

አንድ ነገር፦ ሶኬታቸው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርሱ የእንግሊዝ ዓይነት ስለሆነ አዳፕተር ያዙ።

ስትመለሱ በረራችሁ ማታ ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን ከቡሱዋ አትነሱ። ቀድማችሁ አክራ ግቡና እደሩ፤ ካሶዋ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጦ አውሮፕላን ማምለጡን ማሰብ የከረማችሁበትን እረፍት ሁሉ ያጠፋዋል።