«ጥንዚዛው አነሰ» ከማለታችን በፊት
የመሬት ጥንዚዛ ቀን ቀን ድንጋይና የረገፈ ቅጠል ስር ይደበቃል። ማታ ደግሞ ምድር ለምድር እየሮጠ ትልና ቀንድ አውጣ ያድናል። ወደ 40,000 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ከተማ ሲስፋፋ ወይም ፋብሪካ ሲተከል ኑሮው ቶሎ ይናጋል፤ ተመራማሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ሰብስቦ መለካቱ ቀላል ስለሚመስል መደምደሚያውም ቀላል ይመስላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ሁለት ታሪኮችን አንድ ማድረግ ነው። «ከተማ መሃል ያሉት በቁመት ያንሳሉ» ሲባል፣ ትልልቆቹ ዝርያዎች ጠፍተው ትንንሾቹ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ያው አንዱ ዝርያ ራሱ አንሷል። የቁመት አማካዩ ላይ ሁለቱም ያው ናቸው። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው።

ትልልቆቹን እንይ። ካራበስ ከሚባለው ወገን ብዙዎቹ መብረር አይችሉም። መንገድና ሕንፃ ጫካውን ሲቆራርጠው በእግር መሻገር ያቅታቸዋል። ከአንድ ቁራጭ ጫካ አንዴ ከጠፉ ተመልሶ የሚመጣ የለም። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ግን በርረው አዲስ ቦታ ይይዛሉ።

ሁለተኛው ታሪክ የእጭ ነው፤ እጭ ማለት ጥንዚዛው ሳይጎለምስ ያለው ትል መሰል ደረጃ ነው። ጥንዚዛ አንዴ ጎልምሶ ቅርፊቱ ከጠነከረ በኋላ አያድግም። ስለዚህ ቁመቱ የሚናገረው እጭ ሆኖ አፈር ውስጥ ሳለ ስላገኘው ምግብ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ መርዙ ነው። ዛሬ የተያዘውን ጥንዚዛ ለክቶ በዛሬው ጭስ ማሳበብ አያስኬድም። መጀመሪያ በየዝርያው ለኩ፤ ወንድና ሴትም ለዩ። በብዙ ዝርያዎች ሴቷ ትበልጣለች። አንዱ ቦታ ላይ ሴት ከበዛች አማካዩ ያለ ምክንያት ከፍ ይላል።

ወጥመዱን እንደ ሕዝብ ቆጠራ ማየትም ያሳስታል። አፉ ከመሬት እኩል ሆኖ የሚቀበር ኩባያ የሚይዘው የሚራመደውን ነው። የራበው ብዙ ይዞራል፤ ሞቃት ሌሊትም ያንቀሳቅሰዋል። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ደግሞ ይገታዋል። ስለዚህ «ብዙ ተያዘ» እና «ብዙ አለ» አንድ አይደሉም። ደግሞ አንድ መናፈሻ ውስጥ የተቀበሩ አሥር ኩባያዎች አሥር ቦታ አይደሉም፤ አንድ ቦታ ናቸው።

የዝርያ ቁጥር ጨመረ ብሎ መደሰትም አለ። ጫካ ሲሳሳ ሜዳ ወዳድ ዝርያዎች ይገባሉ፤ ቁጥሩ ይጨምራል፣ የጫካዎቹ ግን እየጠፉ ነው። ግሎብኔት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት የሄልሲንኪን፣ የሶፊያንና የካናዳዋን የኤድመንተንን የመሬት ጥንዚዛዎች በአንድ ዓይነት ዘዴ አወዳድሮ ነበር። ኤድመንተን ላይ ከአውሮፓ የገባው ፕቴሮስቲከስ ሜላናሪየስ የተባለ ዝርያ በብዛት ይገኛል። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው መጤውን ከነባሩ አይለይም። ማን እንደጨመረ በስም ዘርዝሩ።

ፋብሪካ አካባቢ ደግሞ ሁሉን ነገር እንደ ካድሚየምና ዚንክ ባሉ አፈር በካይ ብረቶች ማሳበብ የተለመደ ነው። ብረት ማቅለጫ አጠገብ ዛፉ ይደርቃል፣ አፈሩ ይራቆታል። ጥንዚዛውን የጎዳው ካድሚየሙ ነው ወይስ ጥላና እርጥበት ማጣቱ? ብረቶቹም ጠባያቸው ይለያያል፦ ትርፍ ዚንክን ሰውነቱ በአብዛኛው ያስወጣዋል፤ ካድሚየም ግን ይጠራቀማል። አፈሩ ላይ ያለውን መጠን ብቻ መለካት ስለዚህ አይበቃም። የጥንዚዛውንም አካል መርምሩ፤ መሬት ላይ የረገፈውን ቅጠል ንጣፍ ውፍረትና የአፈሩን እርጥበት አብራችሁ መዝግቡ።