ጉልበተኛ ፒክአፕ ላይ የማይሆን ጎማ፦ እኔ ከፍዬባቸው የተማርኳቸው ስህተቶች

የኔ መኪና የ2003 ፎርድ ላይትኒንግ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ተራ የፎርድ ፒክአፕ፣ ኤፍ-150 ይመስላል። ኮፈኑ ሲከፈት ግን አየር በኃይል የሚገፋለት ሱፐርቻርጀር የተገጠመለት 5.4 ሊትር ቪ8 ሞተር ተቀምጧል። ከፋብሪካ ሲወጣ 380 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እኔም እጄ አላርፍ ብሎ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። አዘቦት ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሥራ እመላለስበታለሁ። በወር አንዴ ደግሞ ወደ ደቡብ ሜሪላንድ፣ መካኒክስቪል አጠገብ ወዳለው የመኪና መሽቀዳደሚያ ትራክ፣ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ይዤው እወርዳለሁ።

በሦስት ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት ጎማ ቀያይሬያለሁ። ሁለቱ ገንዘብ ማቃጠል ነበሩ። አንዱ ደግሞ ሊገድለኝ ነበር፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

"ለትራክ ነው" ብሎ መግዛት

ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ "ለመንገድም ለትራክም" አልኩት። ይሄ መልስ አይደለም። የትኛው ትራክ?

ድራግ ማለት ሩብ ማይል ቀጥታ መሮጥ ነው። እዚያ የሚፈለገው ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ መኪናው ሲነሳ ጨምደድ ብሎ ጉልበቱን የሚቀበል ጎማ ነው። ላስቲኩም የሚያጣብቅ መሆን አለበት። ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ግን ሌላ ዓለም ነው። ዋናው ትራክ 2 ማይል ሲሆን 10 ኩርባ አለው። እዚያ ሩጫው በ13 ሰከንድ አያልቅም። ጎማው ብዙ ደቂቃ ሙሉ እየጋለ፣ እየተጣመመ፣ ፍሬን እየተያዘበት ይቆያል። የሚፈልገውም ጠንካራ ጎንና ሙቀት የሚችል ላስቲክ ነው።

ሁለቱ አይታረቁም። የድራግ ጎማ ኩርባ ላይ ይዛችሁ ስትገቡ መኪናው ጣና ላይ እንዳለ ታንኳ ይዋልላል። የኩርባውን ጎማ ይዛችሁ ድራግ ስትሄዱ ደግሞ የኋላው አክስል ይዘላል። ስለዚህ ከቀኖቻችሁ ብዙውን የት እንደምታሳልፉ መጀመሪያ ቁጠሩ። እኔ ቆጠርኩ፤ ከሠላሳው ቀን ሃያ ዘጠኙ አስፋልት ላይ ነበር። ትራክ ትራክ እያልኩ የማወራው ሰውዬ!

ክብደቱን መርሳት

ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ ጎማ" ተብሎ የሚወደሰው በአብዛኛው እንደ ማስታንግና ኮርቬት ባሉ ቀለል ያሉ የስፖርት መኪኖች የተሞከረ ነው። ላይትኒንግ ባዶውን ከ2,100 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አንዳንዱ አዲስ ፒክአፕማ ከዚያም ያልፋል።

የጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አለ። ቁጥሩ አንድ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ይናገራል። 100 ከሆነ 800 ኪሎ፣ 108 ከሆነ 1,000 ኪሎ፣ 113 ከሆነ 1,150 ኪሎ ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ለቤት መኪና የተሠራ ጎማ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም አቅሙ ለ1.1 ተካፍሎ ነው የሚታሰበው። 1,000 ኪሎ የሚለው 909 ሆነ ማለት ነው። አራት ሰው ጭናችሁ፣ ከኋላ ጄኔሬተርና አራት ትርፍ ጎማ ደርድራችሁ ትራክ ስትወርዱ ይቺ ልዩነት ቀላል አይደለችም።

ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያው ነው። ኪው 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ቲ 190፣ ኤች 210፣ ደብልዩ 270። ይሄን ንቀው የሚያልፉት ብዙ ናቸው። ራም ቲአርኤክስ የሚባለውን የ2021 ፒክአፕ ተመልከቱ። 702 የፈረስ ጉልበት ይዞ ፋብሪካው በ118 ማይል፣ ማለትም በ190 ኪሎ ሜትር አስሮታል። ትልቁ ምክንያት ለጭቃና ለአሸዋ የተሠራው ጎማው ነው። በ2004 ደግሞ ዶጅ ቤት የወጣው ፒክአፕ፣ ራም ኤስአርቲ-10፣ በ500 ፈረስ ብቻ፣ በሰዓት 154 ማይል ተኩል ሮጦ ጊነስ ላይ ተመዝግቧል። እሱ የቆመው ስፋቱ 305 ሚሊሜትር በሆነ፣ ባለ 22 ኢንች ቸርኬ የአስፋልት ጎማ ላይ ነበር።

የድራግ ጎማን ለዝናብ ማመን

ይቺ ናት ልትገድለኝ ነበር ያልኳችሁ።

ድራግ ራዲያል የሚባለው ጎማ በሕግ መንገድ ላይ ይፈቀዳል። ጎኑ ላይ የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ምልክት አለው። እኔም "ከተፈቀደ ምን ችግር አለው" ብዬ ከኋላ ሁለት ገጠምኩ፤ ቤትም ትራክም በነሱ። ጥርሱን ስታዩት አንድ ሁለት ቦይ ብቻ ነው፣ የቀረው ልሙጥ። ውሃ የሚወጣበት መንገድ የለውም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከትራክ ስመለስ መንገድ 5 ላይ ዝናቡ ወረደ። በ55 ማይል ነበር የምሄደው። ኩርባም የለም፣ ፍሬንም አልያዝኩም። ነዳጁን ትንሽ ነካ ሳደርግ ሞተሩ ጮኸ፣ የኋላው ወደ ግራ ሄደ። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ኋላው ቀላል ነው፤ ክብደቱ ፊት ለፊት ነው ያለው። መሪውን ተከትዬ፣ እግሬን ቀስ ብዬ አንስቼ እንዴት እንደተመለሰልኝ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የአደጋ መብራት አብርቼ በ35 ማይል ቤቴ ገባሁ። አንዲት ያረጀች ኮሮላ አለፈችኝ። ሹፌሯ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ብርዱም እንደዚሁ ነው። ለበጋና ለትራክ የተሠራ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፣ መያዙን ይተዋል። በጣም ሲበርድ የሚሰነጠቅም አለ። ሜሪላንድ ውስጥ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ሰፊ ሁሉ ይይዛል ማለት

ስፋቱ 275 ሚሊሜትር የሆነ ጎማ ከያዘ 315 ይበልጥ ይይዛል? ቸርኬው ከፈቀደ፣ አዎ። እያንዳንዱ ጎማ የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት በአምራቹ ተወስኗል። ሰፊ ጎማ ጠባብ ቸርኬ ላይ ስታስገቡ መሀሉ ይቆለመማል፣ ዳርና ዳሩ ከመሬት ይነሳል። ለስፋት ከፍላችሁ በጠባቡ ትሄዳላችሁ።

ቁመትም ላይ ተጠንቀቁ። የላይትኒንግ የፋብሪካ ጎማ 295/45 ባለ 18 ነው፤ ቁመቱ 28.5 ኢንች አካባቢ። አንዱ ወዳጄ "ሞላ ብሎ ይታይ" ብሎ 31 ኢንች ገጠመለት። 3.73 የነበረው የዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለኋላ እግሮች የሚያስተላልፈው ማርሽ) ሬሾ 3.43 እንደሆነ ያህል ቆጠረው። መኪናው ሲነሳ ደነዘዘ። ዳሽቦርዱ 60 ማይል ሲል እሱ 65 ላይ ነው። ጉልበት ለመጨመር ስንት ሺህ ዶላር ካወጣ በኋላ ለመልክ ብሎ መልሶ ሸጠው። አራቱም እግር የሚጎትት መኪና ካላችሁ ደግሞ የፊትና የኋላው ቁመት አንድ ይሁን። አለበለዚያ የፊትና የኋላውን የሚያገናኘው ማርሽ ይበላል።

የልብስ ማቅለሚያው ውሃ ውስጥ መግባት

ይቅርታ፣ እኛ ሰፈር የድራግ መነሻው ላይ የሚረጨውን ውሃ እንዲህ ነው የምንጠራው። ድራግ ጎማ የገጠሙት እዚያ ውስጥ ገብተው ያሽከረክራሉ፤ ላስቲኩ ይሞቃል፣ ይጸዳል። የመንገድ ጎማ ያላችሁ ግን ዞራችሁ እለፉ። እኔ በመጀመሪያው ቀኔ እንደ ሰዉ ልሁን ብዬ ሰተት ብዬ ገባሁ። የመንገድ ጎማ ጥርስ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል። በጭስ ታጅቤ መስመሩ ላይ ስቆም ከጭቃ መከላከያው ስር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ እኔ ባለሁበት ቆሜ አሽከረከርኩ። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩት መስመሩ እስኪደርቅ ቆሙ። ዓይናቸውን ማየት አልፈለግሁም።

ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን ማየት

ጎኑ ላይ ትሬድዌር የሚል ቁጥር አለ። 200 ለስላሳና ቶሎ የሚያልቅ፣ 500 የሚቆይ ተብሎ ይነበባል። በጥቅሉ ልክ ነው። ነገር ግን ደረጃውን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ የአንዱን 300 ከሌላው 300 ጋር ማወዳደር አይሠራም። ለቀላል የጭነት መኪና ተብለው የሚሠሩት፣ ኤልቲ የሚል የተጻፈባቸው ጎማዎች ደግሞ ይሄ ቁጥር ጭራሽ የላቸውም። ስታጡት አትደናገጡ።

ከዚህ ይልቅ ማየት ያለባችሁ የተመረተበትን ቀን ነው። ጎኑ ላይ ከትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ምልክት ቀጥሎ ያለው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች 3518 ካሉ፣ በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ያገለገለ የትራክ ጎማ በርካሽ ስታገኙ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ እንጨት የሆነ ጎማ ገዝቼ አውቃለሁ። ርካሽነቱ ቤት እስክደርስ ብቻ ነበር።

ንፋሱን በግምት ማውረድ

"ንፋስ ቀንስ፣ ይይዛል" የሚለው ምክር ለድራግ ጎማ እውነት ነው፣ በልኩ። እኔ ከ20 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጀምሬ አንድ አንድ እያልኩ እወርዳለሁ። መኪናው የደረሰበትን ጊዜ በሚያሳየው ወረቀት ላይ የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ ብቻ አነባለሁ። ጎማ የሚፈተነው እዚያ ነው፤ የመጨረሻው ፍጥነት የሞተር ጉዳይ ነው። ቁጥሩ መሻሻል ሲያቆም እኔም አቆማለሁ። ጎኑ ጠንካራ በሆነ ተራ የመንገድ ጎማ ግን ብዙ ማውረድ ጥቅሙ ትንሽ፣ አደጋው ብዙ ነው። መለኪያችሁም አንድ ይሁን፤ የነዳጅ ማደያውና የጎረቤታችሁ መለኪያ አይስማሙም።

አሁን ሁለት ስብስብ አለኝ። አንዱ የአዘቦት፣ ሌላው የኋላ ሁለት ድራግ ራዲያል በራሱ ቸርኬ ላይ። ተጭነው ይሄዳሉ፣ እዚያ ይገጠማሉ፣ ተፈትተው ይመለሳሉ። ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ከመነሳቴ በፊት ከቸርኬው ወደ ጎማው የሚያልፍ አንድ የጠመኔ መስመር እስባለሁ። ባለፈው ወር በ17 ፒኤስአይ ሮጬ ስመለስ የጎማው መስመር ከቸርኬው መስመር ሁለት ጣት ርቆ አገኘሁት። ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቷል። በማግስቱ 19 ላይ መለስኩት።