ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ሲያንኮራፋ

ጓንት አጥልቃችኋል፣ ሕመምተኛው ሲጠሩት አይመልስም፣ ረዳት ተጠርቷል። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስላለው ነው።

ያንኮራፋል

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው፤ ደጋግሞ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» የሚባለውም ይኸው። መንስኤው ምላስ ነው። አፍ ከፍተን የምናየው የፊቱን ክፍል ብቻ ሲሆን ሥሩ ወደ ጉሮሮ ወርዶ ከማንቁርት ክዳን ፊት ይቀመጣል። ዋናው የምላስ ጡንቻ የሚነሳው ከታችኛው መንጋጋ፣ ከአገጭ አጥንት ጀርባ ነው። ሰው ራሱን ሲስት ጡንቻው ይላላል፤ በጀርባው ከተኛ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየሩን መንገድ ያጠብባል። ጥቂት ክፍተት ከቀረ ያንኮራፋል፣ ካልቀረ ድምፅም የለም። መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ግን ምላሱ ተከትሎ ይመጣል።

አንድ ሌሊት የሚጥል በሽታ የጣለው ወጣት መጣ። እናቱ ጋቢያቸውን አራት አጥፈው ከራሱ ሥር አድርገውለታል፤ አገጩ ደረቱን ነክቷል። ተረኛው ኦክስጅን አድርጎለት ወረቀት ይሞላል፤ በተዘጋ መንገድ ኦክስጅን የሚያልፍ ይመስል! ሆዱ ሲነሳ ደረቱ ይሰምጣል። እናትየው «ደክሞት ነው ልጄ፣ አትቀስቅሰው» አሉኝ። «እማማ፣ ጋቢውን ልውሰድልዎት» ብዬ ሳወጣው ማንኮራፋቱ በግማሽ ቀነሰ። አንድ መዳፌን ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ጣቶቼን አገጩ ሥር አድርጌ ራሱን ወደ ኋላ ሳዘነብል ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። እናትየው የሞተ መስሏቸው ጮኹ። ጭምብሉን ገለጥ አድርጌ የእጃቸውን ጀርባ ከአፍንጫው ፊት ያዝኩት፤ ትንፋሹ ሲነካቸው ዝም አሉ።

ጣቶቻችሁ አጥንቱ ላይ ይረፉ። ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ የሚጫን ሰው ምላሱን መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ አላውቅም። አፉንም ገጥማችሁ አትዝጉት።

መኪና የገጨው ወይም ከከፍታ የወደቀ ከሆነ አንገቱን አታዘንብሉ። ከራሱ በኩል ሆናችሁ፣ ከጆሮው በታች ያለውን የመንጋጋ ማዕዘን በሁለቱም እጆች ወደ ፊት ግፉ። በዚህ አልከፈት ካለ ግን በጥቂቱ አዘንብሉ፤ አንገት ተጠብቆ ትንፋሽ አይታለፍም።

እጅ ሲደክም ጉዴል አለ፤ ምላሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በአፍ የሚገባ ጥምዝ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከአፍ ጥግ እስከ መንጋጋ ማዕዘን ይለካል። ለአዋቂ 8፣ 9 እና 10 ሴንቲ ሜትር መኖር ሲገባው፣ ተረፈ ተብሎ በፕላስተር የተለጠፈ አንድ ጉዴል ብቻ ያለበት የድንገተኛ ዕቃ ጋሪ አጋጥሞኛል። ያጠረው ምላሱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ የረዘመው የማንቁርቱን ክዳን ይጫናል። ካቅለሸለሸው ወዲያው አውጡት፣ አለዚያ ያስታውከዋል።

ፈሳሽ ይንቦጫቦጫል

ደም፣ ምራቅ ወይም ትውከት ነው። መምጠጫውን አስገቡ፤ ጫፉ ከዓይናችሁ አይጥፋ፣ ከ10 ሰከንድም አትለፉ። መብራት ሲጠፋ የሚሞት ማሽን ብቻ ካላችሁ የእግር ፓምፕ አጠገባችሁ ይኑር። ምንም ከሌለ በጎኑ አዙሩት። የማታዩትን በጣት አትጎርጉሩ። ውኃም ሆነ ጠበል በአፉ እንዳይደረግ፣ ክብሪት እንዳይሸተትለት ለቤተሰቡ ቀድማችሁ ንገሩ።

አየር ሲያስገባ ያፏጫል

ችግሩ ማንቁርቱ ጋ ነው፦ ቃጠሎ፣ አለርጂ ወይም የተሰነቀረ ነገር። ከነቃ አታስተኙት፣ አፉንም አትነካኩ፤ የሰመመን ባለሙያ ይጠራ።

በአምቡ ባግ ደረቱ አይነሳም

አምቡ ባግ በእጅ እየተጨመቀ በጭምብል በኩል አየር የሚያስገባ ከረጢት ነው። ከሳንባው በፊት ጭምብሉን ጠርጥሩ። ጠርዙ የተነፈሰ ወይም በፀሐይ የደረቀ ጭምብል ፊት ላይ አይገጥምም፤ ጣሉት። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ በሁለት እጁ መንጋጋውን ወደ ጭምብሉ ይሳብ፣ ሌላው በየ6 ሰከንዱ አንዴ፣ ደረቱ እስኪነሳ ብቻ ይጭመቅ። ትርፉ አየር ጨጓራ ገብቶ ትውከት ያመጣል።

ሕፃን ነው

የሕፃን ጭንቅላት በኋላ በኩል ትልቅ ስለሆነ ራሱ በራሱ ጎንበስ ይላል፤ እንደ አዋቂ ካዘነበላችሁትም ለስላሳው የአየር ቧንቧ ይጠብባል። ፊቱ ቀጥ ብሎ ጣሪያውን ይይ። እዚህ ላይ የእናትየው ነጠላ ይፈለጋል፤ ግን ታጥፎ የሚገባው ከትከሻው ሥር ነው።