ስለ እንግዳ ኮከቦችና የስበት ሞገድ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ከኳርክ የተሠራ ኮከብ ተገኘ»፣ «ጥቁር ጉድጓድ የሚባል ነገር የለም» የሚሉ ዜናዎች ብቅ ይላሉ። ኳርክ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚሠሩበት ጥቃቅን ቅንጣት ነው፤ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ የታመቀ አካል ነው። እንደ ኳርክ ኮከብ ያሉ፣ በንድፈ ሐሳብ የታሰቡ አካላትን እንግዳ ኮከቦች እንላቸዋለን። ነገሩ ያጓጓል። ግን የስበት ሞገድ፣ ማለትም ከባድ አካላት ተጠግተው ሲዞሩና ሲዋሃዱ በሕዋ ውስጥ የሚሰራጨው ንዝረት፣ ከነገረን በላይ መናገር የለብንም።

በጣም የሚደጋገመው ስህተት ክብደትን አይቶ ማንነትን መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2019 ላይጎና ቪርጎ የተባሉት የስበት ሞገድ መመልከቻዎች የሁለት አካላትን ውህደት መዘገቡ። አንደኛው የፀሐይን 23 እጥፍ፣ ሌላው 2.6 እጥፍ ይመዝናል። ትንሹ እርግጠኛ ሆነን ከመዘንናቸው ኒውትሮን ኮከቦች (ግዙፍ ኮከቦች ሲሞቱ ከሚቀሩት እጅግ የታመቁ ቅሪቶች) ይከብዳል፤ ከተለመዱት ጥቁር ጉድጓዶች ደግሞ ይቀላል። ታዲያ እንግዳ ኮከብ ይሆን? ሊሆን ይችላል። ግን የሚለየው ክብደቱ ሳይሆን መለጠጡ ነው። ሁለት ኮከቦች ተጠግተው ሲዞሩ አንዱ ሌላውን ይለጥጠዋል፤ ይህም ውህደቱን በጥቂቱ ያፋጥነዋል። ኒውትሮን ኮከብ፣ ኳርክ ኮከብና ቦዞን ኮከብ (ቦዞን ከሚባሉ ቅንጣቶች ሊሠራ ይችላል ተብሎ የሚታሰበው) የሚለጠጡት በተለያየ መጠን ነው። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ጥቁር ጉድጓድ ጭራሽ አይለጠጥም። በ2017 ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ ይህ ምልክት ራዲየሳቸው ወደ 12 ኪሎ ሜትር እንደሚጠጋ ለመገመት ረድቷል። በ2019ኙ ግን አንደኛው አካል እጅግ ከባድ ስለሆነ ምልክቱ ተለይቶ አልታየም።

በ2017 ከዚያው ውህደት የመጣው የጋማ ጨረር (ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን) ከሞገዱ 1.7 ሰከንድ ዘግይቶ ታየ። «ብርሃን ከስበት ይዘገያል ማለት ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ሁለቱም 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው ነው የደረሱት። ጨረሩ ከመነሻው ዘግይቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ስህተት ትንሽ ረቀቅ ይላል። ከውህደት በኋላ አዲሱ አካል እንደተመታ ደወል ይርገበገብና ዝም ይላል። ብዙ ሰው ይህን መርገብገብ ጥቁር ጉድጓዱ ምንም የማይመለስበት ድንበር እንዳለው ማረጋገጫ አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም። የመጀመሪያው መርገብገብ የሚመጣው ብርሃን በክብ ሊዞርበት ከሚችለው፣ ከድንበሩ ውጭ ካለው አካባቢ ነው። ድንበር የሌለው ግን በበቂ የታመቀ አካልም መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል። ልዩነቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ድንበር በሌለው አካል ሞገዱ ውስጡ እየተንጸባረቀ ደካማ ማስተጋባት ይልካል።

እዚህ ላይ ወደ ሌላው ጫፍ መሮጥም አለ። በ2016 ተመራማሪዎች በላይጎ መረጃ ውስጥ የማስተጋባት ምልክት እንዳዩ ጻፉ፤ ወሬውም ቶሎ ተዛመተ። ሌሎች ቡድኖች መረጃውን ሲመረምሩ ግን አሳማኝ ማስረጃ አላገኙም። እስካሁን የተመዘገቡት ሞገዶች ከአንስታይን ጥቁር ጉድጓድ ጋር ይስማማሉ። ፍለጋው ግን አላበቃም፤ መሣሪያዎቹ በተሻሻሉ ቁጥር ያ ደካማ ማስተጋባት ካለ የመታየት ዕድሉ ይጨምራል።