ግሱን አትዋጡት

ቀን ቀን ደሴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ልምምድ ነኝ። ቴአትር ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆኖኛል፤ ከክበባችን ማንም ተከፍሎት አያውቅም። የመጀመሪያ ሚናዬ በትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ጭውውት ላይ ነበር። ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ ቫይረሱን ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ አማት፣ ጠላ ሻጭ፣ የቤት ደላላ፣ ዳኛ፣ ልጇን ዓረብ አገር የላከች እናት ሆኜ ተጫውቻለሁ። አዲስ የሚመጡ ልጆች «ሚና ሲሰጠኝ ከምን ልጀምር?» ይሉኛል። እኔ የምጀምረው ከእርሳስ ነው።

ድርሰቱ እንደደረሳችሁ የእናንተን ክፍል በእጃችሁ ደብተር ላይ ገልብጡት። ፎቶ ኮፒ ቢኖርም ገልብጡት። ከእናንተ በፊት የሚናገረውን ሰው ቃልም ሙሉውን ጻፉ። የመጨረሻዋን ቃል ብቻ የጻፈ ሰው መድረክ ላይ ያቺን ቃል ሲጠብቅ ነው የሚቆመው። ጓደኛው የሚለውን አይሰማም፤ አለመስማቱ ደግሞ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

ቀጥሎ የሚጠብቁትን ፊደላት ፈልጉ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ይመታል» ሲል ሰውየው መቺ ነው ወይስ ተመቺ? «አለ» ሲልስ ተናገረ ነው ወይስ አልሄደም፣ እዚህ ነው? ዳኛ ሆኜ ስጫወት «ምስክሩ ይሰማል» የሚለውን አላልቼ አልኩት። የምስክሩ ቃል ይደመጥ ለማለት የተጻፈው፣ ምስክሩ መስማት ይችላል ሆኖ ቁጭ አለ። አዳራሹ ጸጥ ማለት በነበረበት ሰዓት ሳቀ፤ ትዕይንቱም ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የቡድኑ የሁለት ወር ልፋት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ሳላደርግ ልምምድ አልገባም።

አሁን ወደ ድምፅ። ብዙ አዘጋጆች «ጩኹ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የአማተር ተዋናይ ችግር የድምፅ ማነስ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ድምፁ መውረዱ ነው። በአማርኛ ደግሞ ዋናው ነገር ያለው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። ማን አደረገው፣ ለማን አደረገው፣ አደረገው ወይስ አላደረገውም፣ ሁሉም ግሱ ውስጥ ነው። «ልጄን ለዚያ ሰው አልሰጥም» የምትል እናት «አልሰጥም» ላይ ትንፋሽ ካጠራት፣ ኋላ የተቀመጠው ሰው ስትሰጥ ይሁን ስትከለክል አያውቅም። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኖ ዝናብ ከጣለማ አለቀ።

መልመጃው ቀላል ነው። አንድ ጓደኛችሁ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ። ግሱ ባልተሰማው ቁጥር እጁን ያንሳ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ከሆነ ከግሱ በፊት ትንሽ አየር ሳቡ። እኛ ክበብ ውስጥ ይህን የምናደርገው በየልምምዱ መጀመሪያ ላይ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። ነባሮቹም አንቀርም።

የተለያየ ሰው መሆንስ? «አሮጊት ሁኚ» ሲባል አብዛኛው ሰው ይጎብጥና ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ከድምፅ አትጀምሩ፤ ከእጅ ጀምሩ። ልጇን ዓረብ አገር የላከችውን እናት ያገኘኋት ሱቄ ውስጥ ነው። አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ስለካት ስልኳ ጠራ። ቁጥሩ የውጭ ነው። ሴትዮዋ ቶሎ አላነሳችውም። መጀመሪያ ሁለት እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። እጇ እኮ ንጹሕ ነበር። ከዚያ ልጅቷ የምታያት ይመስል ነጠላዋን አስተካከለች። ከዚያ ነው አንስታ «ወዬ ሆዴ» ያለችው። ልጅቷ ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ አያስፈልገኝምም ነበር። ያቺ እጅ መጥረግ ሚናውን ሰጠችኝ። አዘጋጃችን ዝምታው እንዳይረዝም ፈርቶ ነበር። እኔ ግን ወሎ ባህል አምባ ላይ ስናሳየው በልቤ እስከ አራት ቆጥሬ ነው ስልኩን ያነሳሁት። ድምፄን አልቀየርኩም። ማንም ግን ደላላዋ ናት አላለኝም።

ደላላዋ እጇ አያርፍም፤ ቁልፍ ታሽከረክራለች፣ ዓይኗም ከእናንተ ጀርባ በሩ ላይ ነው። ዳኛዋ እጇን የምታንቀሳቅሰው ስትጽፍ ብቻ ነው። ሁሉም በየአካባቢያችሁ አሉ፤ ሄዳችሁ ተመልከቱ።

ልብስ ላይ የሙያዬም ነገር ስለሆነ ጠበቅ እላለሁ። ነጠላ ዝም ብሎ አይደረብም። ለቅሶ ከሆነ ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ጌታ ፊት የሚቆም አሽከር ሸማውን ያደገድጋል። አንድ የለቅሶ ትዕይንት ላይ የአንዷ ተዋናይት ነጠላ እንደ አዘቦት ቀን ተደርቦ ወጣ። ፊት የተቀመጡት እናቶች እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ በደንብ አልቅሳለች፣ ግን አላመኗትም። ስለዚህ በልብሱ መለማመድ ያለባችሁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ነው። ፀጉር ለማሸበት ደግሞ ዱቄት አትነስንሱ፤ በላብ ሊጥ ይሆናል።

የሌላ ሰው ሥራ እዩ፣ ስሙም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ብቻውን ነው፤ ፊታውራሪ መሸሻን ከጉዱ ካሣ እንዴት እንደሚለያቸው ፍጥነቱንና ትንፋሹን እየተከተላችሁ አዳምጡ። እኔ ጨርቅ ለመግዛት መርካቶ ስሄድ ሀገር ፍቅር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ጎራ ሳልል አልመለስም። ሀገር ፍቅር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ቤት ነው። እዚያ ስትገቡ ዓይናችሁን የሚናገረው ላይ አትትከሉ፤ የሚሰማውን ተዋናይ እዩ። ተራው ሳይደርስ ምን ይሠራል? ወዴት ያያል? ትልቁ ትምህርት ያለው እሱ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የተጫወታችሁትን ሚና ሁሉ በዚያው ምሽት ጻፉት። ትያትሩ ምን እንደነበር፣ የት እንደታየ፣ ማንን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ። ሌላ ቡድን «ምን ምን ተጫውተሻል?» ብሎ ሲጠይቅ ከደብተሩ ነው የምትመልሱት። የኔ ደብተር ላይ የእናትየዋ ገጽ አጭር ነው፦ «እጅ መጥረግ። ነጠላ። እስከ አራት መቁጠር። ‹ሆዴ› ላይ ድምፅ ወርዷል፤ ለእሁድ ይስተካከል።»