የኪስ ብሉቱዝ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «የሄድፎን ብሉቱዝ አምፕ አለ?» ብትሉ አንዱ ስፒከር ያወጣላችኋል። ሌላው ለመኪና ቴፕ የሚሰካ ትንሽ ብሉቱዝ ሪሲቨር ያሳያችኋል። ሁለቱም የፈለጋችሁት አይደሉም።

እዚህ የምናወራው ስለሌላ ዕቃ ነው። የክብሪት ሣጥን ያክላል። ሸሚዝ ላይ በክሊፕ ይያዛል ወይ ኪስ ይገባል። ዘፈኑን ከስልካችሁ በብሉቱዝ ይቀበላል። ውስጡ ያለው ዳክ የሚባል ክፍል ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል ይቀይረዋል፣ ከዚያ አምፑ፣ ማለትም ማጉያው፣ ጉልበት ይሰጠዋል። እናንተ ባለገመድ ሄድፎናችሁን እሱ ላይ ትሰካላችሁ። በዚህ ዘርፍ የፊዮ ቢቲአር ሞዴሎችና ኩደሊክስ 5ኬ ስማቸው ደጋግሞ ይነሳል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የሄድፎን ቀዳዳውን ካስቀረ ወዲህ ብዙ አምራቾች ተከትለውታል። ጥሩ ባለገመድ ሄድፎን ያለው ሰው መሰኪያ አጣ። ይህ ዕቃ ያንን ችግር ይፈታል። ግን ርካሽ አይደለም። ድሬም ሆነ ሐረር እንደ ልብ አይገኝም፤ ብዙውን ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ነው የሚደርሰን። በሰው እጅ የመጣ ዕቃ ደግሞ «አልተስማማኝም» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ ብሩ ከኪስ ሳይወጣ በፊት የሚከተሉትን ተመልከቱ።

ስህተት 1፦ ሄድፎኑን ሳያውቁ አምፑን መምረጥ

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ሰው የአምፑን ዋት፣ የቺፑን ስም፣ የስክሪኑን ውበት ሲያወዳድር ይከርማል። እቤት የተቀመጠውን ሄድፎን ግን ዞር ብሎ አያየውም። ምርጫው መጀመር ያለበት ከሄድፎኑ ነው።

ሁለት ቁጥር ፈልጉ። አንዱ ኦም ነው፤ ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ ይናገራል። ሌላው በዲሲቤል የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ ነው፤ በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮህ ያሳያል። ካርቶኑ ላይ ወይም በአምራቹ መረጃ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ።

ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ኢርፎኖች አብዛኞቹ ከ16 እስከ 32 ኦም አካባቢ ናቸው። ሴንሲቲቪቲያቸውም ብዙ ጊዜ ከ100 ዲሲቤል ያልፋል። ለእነሱ ትንሽ ጉልበት ይበቃል። እንደውም ስልካችሁ ቀዳዳ ስለሌለው ብቻ ከተቸገራችሁ፣ በስልኩ ቻርጀር ቀዳዳ የሚሰካ ጥሩ የዩኤስቢ ታይፕ ሲ ማገናኛ በጣም ባነሰ ዋጋ ነገሩን ይጨርሰዋል። የብሉቱዙን ዕቃ የምትገዙት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ መንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ፣ ወይ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ መስማት ካማራችሁ ነው።

ትልልቆቹ ሄድፎኖች ጋ ስትመጡ ነገሩ ይለወጣል። ስቱዲዮ የሚሠሩ ልጆች የሚወዱትን ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮን ውሰዱ። በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል። ስሙ አንድ ነው፣ መልኩም ይቀራረባል። ጓደኛችሁ ባለ32ቱን ስልኩ ላይ ሰክቶ አሪፍ ሲጮህለት አይታችሁ ባለ250ውን ብትገዙ፣ ያው ስልክ ላይ ድምፁ ይደክምባችኋል። ሄድፎኑ ተበላሽቶ አይደለም። ቮልት አንሶት ነው።

ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለኦሙ አካፍሉት፤ ዋቱን ታገኛላችሁ። 2 ቮልት የሚያወጣ አምፕ 32 ኦም ላይ በወረቀት 125 ሚሊዋት ይሆናል። 300 ኦም የሆነው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ላይ ግን 13 ሚሊዋት ገደማ ብቻ ነው። ቮልቱ 4 ቢሆን 53 ይደርሳል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ሚሊዋት በስንት ኦም እንደተለካ ካላያችሁ ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ32 ወይ በ16 ነው። ባለ300 ኦም ካላችሁ ዋቱን ተዉትና ቮልቱን ጠይቁ። ጸጥ ባለ ክፍል ኤችዲ 600ን ለመስማት 2 ቮልትም ይበቃል። 4 ቮልት ካለው ደግሞ በዝቅተኛ ድምፅ ለተቀዳ ዘፈን መጠባበቂያ ይኖራችኋል።

ኦም ብቻውንም ያታልላል። ሃይፍማን ኤችኢ6 የሚባለው ሄድፎን 50 ኦም ብቻ ነው፤ ቀላል ይመስላል። ሴንሲቲቪቲው ግን 83.5 ዲሲቤል ነው። እንዲህ ያለውን በኪስ አምፕ ለማስጮህ አትድከሙ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚወስድ አምፕ ነው የሚፈልገው።

ስህተት 2፦ «ጉልበቱ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ማለት

ኢርፎናችሁ በትንሽ ጉልበት የሚጮህ ዓይነት ከሆነ ጉልበተኛ አምፕ ሊጎዳችሁ ይችላል። ዘፈኑን አቁሙና ጸጥ ባለ ቦታ አዳምጡ። «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከበስተጀርባ ከተሰማችሁ የአምፑ የራሱ ጫጫታ ነው። ድምፁን ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ወዲያው ጆሮ የሚነድል ከሆነም ጌኑ፣ ማለትም አምፑ ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን፣ በዝቷል። ጥሩ ዕቃ ሎው ጌን የሚባል ምርጫ አለው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ሰው የማያየው ሌላ ቁጥር አለ፦ የአምፑ አውትፑት ኢምፒዳንስ፣ ማለትም በመውጫው በኩል ያለው የራሱ ኦም። ይህ ከሄድፎናችሁ ኦም አንድ ስምንተኛ በታች ቢሆን ይመረጣል። ለ16 ኦም ኢርፎን ከ2 ኦም በታች ማለት ነው። ከዚያ ከበለጠ፣ በተለይ ውስጣቸው ብዙ ድራይቨር (ድምፅ አውጪ ክፍል) ያላቸው ኢርፎኖች የድምፅ ቃናቸው ይቀየራል። ባሱ ሊሳሳ፣ ቀጭኑ ድምፅ ሊጎላ ወይም ሊደበዝዝ ይችላል።

ጉልበት ሲገኝ ጆሮም አደጋ ላይ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በ80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ የሞተሩን ጩኸት ለመሸፈን ድምፅ የሚጨምር ሰው ይህንን በቀላሉ ያልፈዋል። መፍትሔው ጉልበት መጨመር አይደለም። ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ጎማ ያለው ኢርፎን ነው።

ስህተት 3፦ ስልኩ የማያውቀውን ኮዴክ በብር መግዛት

ኮዴክ ማለት ስልኩ ዘፈኑን በብሉቱዝ ለማሳለፍ አሽጎ የሚልክበት መንገድ ነው። ሁሉም ዕቃ ኤስቢሲን ያውቃል። ኤኤሲ አለ፣ አፕትኤክስ አለ። የሶኒው ኤልዳክ ደግሞ በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል። ማስታወቂያው ሁልጊዜ የሚጮኸው ኤልዳክን ነው።

አይፎን ያላችሁ ግን ልብ በሉ። አይፎን ወደ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚልከው በኤስቢሲ ወይ በኤኤሲ ብቻ ነው። ኤልዳክ ስላለው ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ኤኤሲ ከአይፎን ጋር ጥሩ ይሠራል፣ አያሳፍርም።

አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ስሪት 8 ጀምሮ ኤልዳክን ይዟል። ሆኖም ስልክ አምራቹ ሊተወው ይችላል። በእጃችሁ ያለው ቴክኖም ይሁን ኢንፊኒክስ ወይ ሳምሰንግ፣ በግምት አትሂዱ። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ግቡና ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። ዲቨሎፐር ኦፕሽን ይከፈታል። አምፑን አገናኙና ብሉቱዝ ኦዲዮ ኮዴክ የሚለው ላይ ኤልዳክን ምረጡ። ወጥታችሁ ስትመለሱ ኤስቢሲ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ከሁለቱ አንዱ አይደግፈውም።

ኤልዳክ ሠርቶም 990 ላይ ቢቆራረጥባችሁ አትደንግጡ። ብሉቱዝ ከዋይፋይ ጋር 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይጋፋል፣ የሰው አካልም ሲግናሉን ይይዘዋል። 660 ላይ አውርዱት። ልዩነቱን በጆሮ መለየት ቀላል አይደለም፤ መቆራረጡ ግን ያናድዳል።

ስህተት 4፦ የዘፈኑን ፋይል መርሳት

ይህ ለእኛ ሀገር ሰው ከኮዴኩ በላይ ነው። አብዛኛው ዘፈናችን በቴሌግራምና በፍላሽ ከሰው ሰው የሚተላለፍ ነው። 128 ኪሎቢት ላይ የተጨመቀ ኤምፒ3 በኤልዳክ 990 ብትልኩት የጠፋው አይመለስም።

የአሊ ቢራን ነገር አስቡት። አሊ የድሬ ልጅ ነው፣ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር የጀመረውም እዚሁ ነው። የድሮ ሥራዎቹ ለብዙዎቻችን የደረሱን ከካሴት ተገልብጠው ነው። ያ የካሴቱ ሽታ ያለው ጫጫታ ቅጂው ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ የትኛውም አምፕ አያወጣውም። ንጹህ አምፕ እንደውም አጉልቶ ያሰማችኋል። የሚረዳችሁ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኢኳላይዘር ነው። እንደ ኩደሊክስ 5ኬ ያሉት በአፕ የሚስተካከል ፓራሜትሪክ ኢኳላይዘር አላቸው። ቀጭኑን ጫፍ ትንሽ ስታወርዱት ጫጫታው ይለዝባል፣ የዘፋኙ ድምፅ ግን አይጠፋም። የድሮ ዘፈን ወዳጅ ከሆናችሁ ከዋት በፊት ይህንን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን የተሻለ ቅጂ ፈልጉ።

ስህተት 5፦ በባለ4.4 ቀዳዳ መማረክ

አንዳንዱ ዕቃ ከተለመደው 3.5 ሌላ ባላንስድ የሚባል፣ ግራና ቀኙን በየራሱ መስመር የሚያወጣ 2.5 ወይ 4.4 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው። ብዙ ጊዜ እጥፍ ቮልት የሚገኘው ከዚያ ነው። ባለ300 ኦም ሄድፎን ላለው ይጠቅማል። ለተራ ኢርፎን ግን አዲስ ገመድ ከመግዛት ያለፈ ትርፉ ትንሽ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ባለ3.5 ሄድፎንን በማገናኛ ባላንስድ ቀዳዳ ላይ አትሰኩ። የግራና የቀኙ መስመር ተነካክቶ አምፑን ሊያቃጥል ይችላል።

ስህተት 6፦ የድሬን ሙቀት አለማሰብ

ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ትንሽ ነው፣ ሙቀትም አይወድም። ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ዕቃ ይህንን በቀላሉ ያልፋል። ቻርጅ ላይ እያለ እየሰሙበት ብርድ ልብስ ውስጥ መክተትም አንድ ነው። ቻርጅ የምታደርጉት ማታ፣ አየር ያለበት ቦታ ይሁን። ሳትጠቀሙበት የምትቆዩ ከሆነ ግማሽ ላይ አስቀምጡት። ባትሪው አብዛኛውን ጊዜ የታሸገ ነው። ሲሞት እዚህ የሚቀይርላችሁ ማግኘት ያስቸግራል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሰዓትም በመካከለኛ ድምፅ የተለካ ነው። ኤልዳክ፣ ባላንስድና ከፍተኛ ድምፅ ሲደመሩ ይቀንሳል።

ስህተት 7፦ ለስልክ ጥሪና ለጌምም ይሆናል ብሎ መጠበቅ

ስልክ ሲደወል ብሉቱዙ ወደ ጥሪ አሠራር ይቀየራል፣ የድምፁ ጥራትም ይወርዳል። የዕቃው ብልሽት አይደለም። ፊልም ላይ ብዙ አፖች መዘግየቱን ራሳቸው ያስተካክሉታል። ጌም ላይ ግን ተኩሱ ዘግይቶ ይሰማችኋል፤ ለጌም በገመድ ተጠቀሙ።

ስህተት 8፦ ሳይሞክሩ መክፈል

«አቦ፣ ኦሪጅናል ነው!» ማረጋገጫ አይደለም። የሃይሬዝ (ከፍተኛ ጥራት ማለት ነው) ወርቃማ ምልክትም ማንም ማሳተም የሚችለው ስቲከር ነው። የራሳችሁን ሄድፎንና የራሳችሁን ስልክ ይዛችሁ ሂዱ። የአምራቹን አፕ ቀድማችሁ አውርዱ። አፑ ዕቃውን ካላወቀው አትግዙት። ስልኩን የኋላ ኪስ አድርጋችሁ፣ አምፑን ደረት ላይ ይዛችሁ ተራመዱ፤ ከተቆራረጠ አስተውሉ። በደንብ የምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ፣ ሰው ያመሰገነላችሁን አይደለም። ገበያው ሲጮህ ያ «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ አይሰማም፤ ሱቁ በር ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ እንዲሰጣችሁ ለምኑ። ጃኩን ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፤ አንዱ ጆሮ ከጠፋ ቀዳዳው ላልቷል።

ከውጭ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ከሆነ ሥራውን ለእሱ ስጡት። ከመነሳቱ በፊት ከፍቶ፣ ከስልኩ ጋር አገናኝቶ፣ የሞዴሉን ስምና አፑ ላይ የሚታየውን ስሪት በቪዲዮ ይላክላችሁ። እዚያ ሆኖ መመለስ ይችላል፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ አይቻልም። ባትሪ ያለበት ዕቃ ስለሆነም በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው ንገሩት።