በሌለ ገንዘብ መፎካከር፦ የክሪፕቶ ዴሞ ውድድር አገባብና አጨዋወት

ነገሩ ወዲህ ነው። የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ዴሞ ውድድር ላይ ገንዘቡ የውሸት፣ ዋጋው ግን የእውነት ነው። አዘጋጁ ለሁሉም ተወዳዳሪ እኩል የምናብ ዶላር ያድላል። የቢትኮይኑና የኢቴሪየሙ ዋጋ ከእውነተኛው ገበያ በቀጥታ ይመጣል። ትገዛላችሁ፣ ትሸጣላችሁ፤ ጊዜው ሲያልቅ ደረጃ ይወጣል። ብትከስሩ ከኪሳችሁ ሰባራ ሳንቲም አይወጣም።

ብዙ ሰው የሚያሸንፈው ጎበዝ ትሬደር (ገዝቶ ሻጭ) ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። እዚህ ትግሉ ከገበያው ጋር አይደለም፤ ከሌሎች ሰዎች ጋር ነው። አሥር በመቶ አትርፋችሁ ሁለት መቶኛ ልትወጡ ትችላላችሁ። ገበያው በወደቀበት ሳምንት ደግሞ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ከግማሹ ተወዳዳሪ ሊቀድም ይችላል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የት ነው የሚገባው?

መጀመሪያ መለማመጃ ያስፈልጋል። ትሬዲንግቪው፣ የዋጋ ቻርት (ግራፍ) የሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ቻርቱ ላይ የተገጠመ የዴሞ አካውንት አለው። ስትከፍቱት 100,000 የምናብ ዶላር ይዞ ይመጣል፤ መጠኑን መቀየርም ይቻላል። ከኤክስቼንጆቹ (ከክሪፕቶ መገበያያዎቹ) ባይናንስ ቴስትኔት የሚባል የሙከራ ሲስተም፣ ባይቢት ደግሞ ዴሞ ትሬዲንግ አላቸው። ውድድሩን ራሱን በተመለከተ ትሬዲንግቪው ዘ ሊፕ የሚባል አለው፤ በምናብ ገንዘብ ተጫውቶ የእውነት ሽልማት የሚገኝበት ነው። ከዚህ ውጭ የዩኒቨርሲቲ ክበቦችና የትሬደር ማኅበረሰቦች የራሳቸውን ያዘጋጃሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤክስቼንጆች "የትሬዲንግ ውድድር" ብለው የሚያስተዋውቁት ሁሉ ዴሞ አይደለም። ብዙው በራሳችሁ ገንዘብ የሚደረግ ነው፤ አሸናፊውም ብዙ ያተረፈው ሳይሆን ብዙ የገዛና የሸጠው ይሆናል። ያ ለኤክስቼንጁ የኮሚሽን ገቢ ነው። "ጠቅላላ የግብይት መጠን" የሚል መመዘኛ ካያችሁ ገጹን ዝጉት።

አጭበርባሪም አይጠፋም። የዴሞ ውድድር የዋሌታችሁን (የክሪፕቶ ቦርሳችሁን) 12 ወይም 24 ሚስጥራዊ ቃላት የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለም። ገንዘብ ማውጣት የሚፈቅድ የኤፒአይ ቁልፍም (ሌላ ፕሮግራም አካውንታችሁን እንዲያዝ የሚያስችል ኮድ) አያስፈልገውም። "አሸንፈሃል፣ ሽልማቱን እንድንልክ መጀመሪያ ይህን ክፍያ ላክ" የሚል መልእክት ከመጣ ሌባ ነው፤ መልስ እንኳ አትስጡ። ሽልማት ከመክፈሉ በፊት መታወቂያ የሚጠይቅ አዘጋጅ ግን ያለ ነው፤ ስለዚህ ስትመዘገቡ መታወቂያችሁ ላይ ባለው ስም ተመዝገቡ።

ደንቡን አንብቡ፤ ደግማችሁም አንብቡ

እኔ የደንቡን ገጽ ሳልጨርስ ቻርት አልከፍትም። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ተወዳዳሪ አያነበውም፤ ነፃ ብልጫ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከሁሉ በፊት የምፈልገው ነጥብ የሚሰጥበትን መንገድ ነው። የመጨረሻው ትርፍ በመቶኛ ብቻ ከሆነ፣ መንገዱ ምንም ይሁን ምን መድረሻው ብቻ ይታያል። ሻርፕ ሬሾ ከተባለ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። የኢኮኖሚ ባለሙያው ዊልያም ሻርፕ በ1966 ያቀረበው መለኪያ ሲሆን ትርፉን ከመዋዠቁ ጋር ያመዛዝናል። ሁለት ሰዎች እኩል 12 በመቶ አተረፉ እንበል። አንዱ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሌላው 40 ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ወጥቶ እዚያው ደረሰ። በሻርፕ የመጀመሪያው በሰፊው ይበልጣል። ሌሎች ውድድሮች ደግሞ ሒሳባችሁ ከደረሰበት ጫፍ የወረደበትን ትልቁን መጠን ይይዙና ከተወሰነ በመቶ ካለፈ ያሰናብታሉ።

ከዚያ የሌቨሬጅ (ካላችሁ ገንዘብ በላይ በብድር መገበያየት) ጣሪያውን፣ የተፈቀዱትን ኮይኖች፣ አነስተኛውን የትሬድ (የግብይት) ብዛት እዩ። ያልተዘጋ ፖዚሽን (ገብታችሁበት ገና ያልወጣችሁበት ግብይት) ይቆጠራል ወይስ የተዘጋ ብቻ? ሒሳቡ ቢያልቅ እንደገና መጀመር ይቻላል? የመዝጊያው ሰዓት በየትኛው የሰዓት ክልል ነው? ብዙ ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይጻፋል። ወደራሳችሁ ሰዓት ቀይራችሁ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት። ሁለት አካውንት መክፈትን ደግሞ አታስቡት። አንዱን ሎንግ (ዋጋው ይወጣል ብሎ) ሌላውን ሾርት (ይወርዳል ብሎ) አድርጎ የተሻለውን ይዞ መቅረብ ድሮ የታወቀች ዘዴ ናት፤ አዘጋጆቹም ያውቋታል።

ማሽኑን ፈትሹት

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በዚያው ሲስተም ላይ ጥቂት ትዕዛዝ መሞከር ከተቻለ አትለፉት። የዴሞ ሲስተም ገበያውን ይመስላል እንጂ ገበያው አይደለም። በእውነተኛው ገበያ ትልቅ የማርኬት ትዕዛዝ (በተገኘው ዋጋ ወዲያው ግዛ የሚል) ስትልኩ የሻጮችን ሰልፍ እየበላ ወደ ላይ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ ያሰባችሁት ዋጋና ያገኛችሁት ይለያያል። ብዙ የዴሞ ሲስተም ግን መጠናችሁ ምንም ያህል ቢሆን በመጨረሻው የታየ ዋጋ ይሰጣችኋል። ገዥና ሻጭ በሌለበት ትንሽ ኮይን ላይ ይህ ስጦታ ነው፤ አዘጋጆች የኮይን ዝርዝር የሚገድቡት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ እንዲህ እፈትሻለሁ። አሁን ካለው ዋጋ ትንሽ ዝቅ አድርጌ የሊሚት መግዣ (ከዚህ ዋጋ በላይ አትግዛ የሚል ትዕዛዝ) አስቀምጣለሁ። ዋጋው ነክቶት ሲመለስ ይገዛልኛል ወይስ አልፎት መውረድ አለበት? ከዚያ ስቶፕ ሎስ (ኪሳራ የሚያስቆም የመውጫ ትዕዛዝ) አስቀምጬ በምን እንደሚነሳ አያለሁ፤ በላስት ፕራይስ (በመጨረሻው የተገበያየ ዋጋ) ነው ወይስ በማርክ ፕራይስ? ማርክ ፕራይስ ከበርካታ ኤክስቼንጆች ዋጋ የተቀመመ ስለሆነ ለአንድ አፍታ ብልጭ ብሎ የሚመለስ ዋጋ ብዙም አይነካውም። ላስት ፕራይስ ከሆነ ግን አንድ ረጅም የካንድል ክር (ቻርቱ ላይ የአፍታ ዝላይን የሚያሳይ ቀጭን መስመር) ስቶፓችሁን ይዞት ይሄዳል። እንዲህ ከሆነ ስቶፑን ራቅ፣ መጠኑን ቀነስ አደርጋለሁ።

ኮሚሽንም ተመልከቱ። 0.1 በመቶ የምትለው ቁጥር ትንሽ ትመስላለች። 10,000 ዶላር ይዛችሁ በሙሉ ገንዘባችሁ ስትገዙ 10፣ ስትሸጡ 10 ዶላር ነው። በቀን አምስት ጊዜ ከገባችሁና ከወጣችሁ 100 ዶላር፣ ማለትም ከሒሳባችሁ አንድ በመቶ በየቀኑ ውሃ በላው። በአሥር ቀን ውድድር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌቨሬጅ ሲሆን ደግሞ ኮሚሽኑ የሚሰላው በተበዛው መጠን ላይ ነው። ፊውቸርስ (ኮይኑን ሳይዙ በዋጋው ላይ የሚደረግ ውል) ከሆነ ፈንዲንግ የሚባል በሎንጎችና በሾርቶች መካከል የሚደረግ ክፍያ አለ፤ በብዙ ቦታ በየስምንት ሰዓቱ ይሰላል። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሲሆን ሎንግ የያዙት ለሾርቶቹ ይከፍላሉ። ዴሞው ይህን የማይቆጥር ከሆነ ፖዚሽን ይዞ መቆየት ርካሽ ነው ማለት ነው።

አንድ ትሬድ ከቅርብ

10,000 ዶላር አለን እንበል፤ ቢትኮይን ደግሞ 60,000 ላይ ነው። ሎንግ መግባት ፈልጌያለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው "ስንት አተርፋለሁ" ሳይሆን "የት ላይ ነው ሐሳቤ የተሳሳተ የሚሆነው" ነው። ቻርቱን አይቼ 58,800 አልኩ፤ ከመግቢያው 2 በመቶ በታች። በአንድ ትሬድ ላጣ የፈቀድኩት 200 ዶላር ነው። 200ን ለ2 በመቶ ሳካፍል የፖዚሽኑ መጠን 10,000 ዶላር ይመጣል። አለቀ።

አሁን አምስት እጥፍ ሌቨሬጅ ልምረጥ። የሚያዝብኝ ማርጂን (መያዣ) 2,000 ዶላር ብቻ ይሆናል፤ ስቶፑ ቢነሳ ግን የማጣው ያው 200 ዶላር አካባቢ ነው። ጀማሪ እዚህ ጋ ይሳሳታል። የሌቨሬጁን ቁልፍ ወደ ቀኝ ጎትቶ ፖዚሽኑንም አብሮ ያሳብጠዋል። 20 እጥፍ ላይ ዋጋው 5 በመቶ ገደማ ሲቃወማችሁ ማርጂናችሁ ተበላ፣ እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብሎ። ክሪፕቶ ውስጥ በቀን 5 በመቶ ብርቅ አይደለም። መጋቢት 12 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ቢትኮይን በአንድ ቀን ከዋጋው ከአንድ ሦስተኛ በላይ አጥቷል።

የኪሳራን ሒሳብም አትርሱ። 20 በመቶ ያጣ ሰው ለመመለስ 25 በመቶ ያስፈልገዋል። ግማሹን ያጣ እጥፍ ማድረግ አለበት። በአጭር ውድድር ለዚህ ጊዜ የለም።

ደረጃውን መጫወት

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ሺህ ሰው ተወዳድሮ የሚሸለሙት ሦስት ከሆኑ፣ ነጥቡም በትርፍ መቶኛ ብቻ ከሆነ፣ በየትሬዱ አንድ በመቶ እየቆጠበ የሚሄድ ጨዋ ትሬደር መሃል ላይ ይቀራል። ፊት የሚወጡት ትልቅ የደፈሩና የቀናቸው ናቸው፤ ትልቅ ደፍረው ያልቀናቸው ታች ተደርድረዋል። ይህን አምናችሁ ግቡ። ሽልማቱ ለመቶ ሰው የሚከፋፈል ከሆነ ወይም ውድቀት የሚያሰናብት ከሆነ ግን ዝግታ ይከፍላል። እኔ ሁለተኛውን ዓይነት ነው የምወደው፤ እንቅልፍ ይሰጣል።

ሁሉም ሎንግ በሆነበት ሰዓት እናንተም ሎንግ ከሆናችሁ ገበያው ቢወጣ ትርፍ ታያላችሁ፣ ደረጃችሁ ግን ፈቅ አይልም። ከመሪው ወደኋላ የቀረ ሰው መሪው የያዘውን ይዞ ሊቀድመው አይችልም። የተለየ ኮይን፣ ወይም የተለየ አቅጣጫ፣ ወይም የተለየ መጠን መያዝ አለበት። የሚመራ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ነው። የተከታዮቹ ፖዚሽን የሚታይ ከሆነ እነሱ ወዳሉበት መጠጋት ልዩነቱን ያስጠብቃል። ብዙ ቦታ ግን አይታይም፤ ያኔ መሪው መጠኑን ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ የደረጃ ሰንጠረዡን አትመልከቱት። አናት ላይ የሚታየው ሰው 50 እጥፍ ይዞ የገባ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ አታገኙትም። የውድድሩን የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ እኔ ድምፁን አጥፍቼ ነው የምቀመጠው። እዚያ ስክሪንሾት የሚለጥፈው ያተረፈ ብቻ ነው።

ቀን መቁጠሪያ ግን ይኑራችሁ። የአሜሪካ የዋጋ ግሽበት ቁጥር በኒውዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡30 ላይ ይወጣል። የፌዴራል ሪዘርቭ የወለድ ውሳኔ በዓመት ስምንት ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ 2፡00 ላይ ነው። እነዚህ ደቂቃዎች ላይ ዋጋው ወዲያና ወዲህ ይላጋል። ወደኋላ ለቀረ ሰው ዕድል ናቸው፣ ለሚመራ ሰው ጠላት። ቅዳሜና እሑድም ገበያው አይዘጋም፤ ገዥና ሻጩ ስለሚሳሳ ግን በትንሽ ትዕዛዝ ብዙ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

በመጨረሻው ቀን የተዘጋ ትርፍ ብቻ የሚቆጠር ከሆነ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አትጠብቁ። ሁሉም ሰው ያን ሰዓት ነው ቁልፉን የሚጫነው፤ ሲስተሙ ሊንቀራፈፍ ይችላል። ያልተዘጋውም የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ ይዛችሁ መቆየት ትችላላችሁ፤ የመዝጊያ ኮሚሽኑም ይቀርላችኋል። ከዚያ የትሬድ ታሪካችሁን በፋይል አውርዱ፣ የሰንጠረዡንም ስክሪንሾት ያዙ። አካውንቱ ከውድድሩ በኋላ ሊሰረዝ ይችላል፤ ቅሬታ ቢኖራችሁ የሚጠይቋችሁ የትዕዛዙን ሰዓትና ቁጥር ነው።